ነርቭ ሴል ዕድሜ ልኩን ነርቭ ሆኖ እንዲኖር የሚያደርገው ማነው?

መምህሩ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ስለ ነርቭ ሥርዓት እያስረዳሁ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ጥያቄዋን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጠው።

«ቲቸር፣ የነርቭ ሴል አንዴ ከተሠራ በኋላ አይባዛም ብለውናል። ፕሮቲን ደግሞ ያረጃል፣ ይፈርሳል፣ በአዲስ ይተካል ብለውናል። ታዲያ ውስጡ ያለው ሁሉ እየተቀየረ፣ ሴሉ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ያው ነርቭ የሚሆነው እንዴት ነው? ቅርንጫፎቹስ እንዴት አይረግፉም?»

ደወል ተደወለና ክፍለ ጊዜው አለቀ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ወደ ቤት ሄደ።

ነገሩን እንዲህ አየሁት። የገጠር ጎጆ ክዳኑ ሲያረጅ ይገፈፍና አዲስ ሳር ይለብሳል። የበሰበሰ ማገርም ይለወጣል። ጎጆው ግን ያው ጎጆ ነው። ምክንያቱም ክዳኑን የሚያለብሰው ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። ሴሉ ውስጥ ያ ሰው ማነው? የጂን ቁጥጥር እንደሆነ አውቃለሁ። ዝርዝሩን ግን ከዘርፉ ሰዎች መስማት እፈልጋለሁ። በዚህ ሳምንት ለክፍሉ ይዤው መግባት አለብኝ።

የሰኞ ገበያ ልጅ

መምህር፣ ልጅቷን ጎበዝ በሉልኝ። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ስለ ሴል የማውቀው የለኝም። ግን መልሱን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ቦርከና

መምህር እንኳን ጠየቁ። ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። አሁን ሁለተኛ ዲግሪዬን በሞለኪውላር ባዮሎጂ እየሠራሁ ነው። ከሥሩ ልጀምር፣ ትንሽ ይረዝማል።

የጉበት ሴልም፣ የቆዳ ሴልም፣ የነርቭ ሴልም የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው። ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖች ሃያ ሺህ ገደማ ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጣው የትኛው ጂን ይነበባል፣ የትኛው ተዘግቶ ይቀመጣል የሚለው ነው። በእያንዳንዷ ሴል ውስጥ ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝም ዲኤንኤ አለ። ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠቀለልና በዓይን በማትታይ ኒውክሊየስ ውስጥ ይቀመጣል። ጠበቅ ብሎ የተጠቀለለው ክፍል አይነበብም። ላላ ያለው ይነበባል። የሚያጠብቁና የሚያላሉ ፕሮቲኖች አሉ። የትኛውን ጂን እንደሚነኩ የሚመሯቸው ደግሞ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉት ናቸው። እነዚህ የተወሰነ የዲኤንኤ ፊደል ቅደም ተከተል ፈልገው ይቀመጡበታል።

አሁን ወደ ነርቭ እንምጣ። ሬስት የሚባል ፕሮቲን አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ለየብቻቸው አገኙት። አንዱ የጌይል ማንዴል፣ ሌላው የዴቪድ አንደርሰን ነው። ሬስት ሥራው መዝጋት ነው። ሃያ አንድ ፊደል ገደማ የሆነ አጭር ምልክት ያለበት የነርቭ ጂን ላይ ይቀመጣል፣ ሂስቶኑን የሚያጠብቁ ፕሮቲኖችን ይጠራል፣ ጂኑም ዝም ይላል። ቆዳችን የነርቭ ጂን እንዳያነብ ከሚያደርጉት አንዱ እሱ ነው።

ፅንስ ውስጥ ያለች መነሻ ሴልም ሬስት አላት። ነርቭ ልትሆን ስትል ሬስት መፍረስ ይጀምራል። የራሱ የሬስት ጂንም ይዘጋል። ያኔ ታፍነው የነበሩ የነርቭ ጂኖች ይከፈታሉ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ቀዳዳዎች ይሠራሉ፣ መልእክት የሚለቁት ከረጢቶች ይሠራሉ፣ ነርቭ ከነርቭ የሚገናኝባቸው መገጣጠሚያዎች ይሠራሉ። ሬስት ሲነሳ ብቻ አይበቃም። ኒውሮጄኒን፣ ኒውሮዲ እና አስክል1 የሚባሉ ከፋቾች መጥተው ሥራውን ማስጀመር አለባቸው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም መብሰል ማለት ምን እንደሆነ ያሳያል። ጋባ የሚባል ኬሚካል አለ። በትልቅ ሰው አንጎል ውስጥ ነርቭን ያረጋጋል። ገና ባልበሰለ ነርቭ ላይ ግን ያው ጋባ ነርቩን ያነሳሳዋል! ምክንያቱ ክሎራይድ ነው። ጨቅላው ሴል ውስጡ ብዙ ክሎራይድ ያጠራቅማል። ሲበስል ኬሲሲ2 የተባለ ፓምፕ የሚሠራው ጂን ይከፈታል። ፓምፑ ክሎራይዱን ወደ ውጭ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ጋባ ማረጋጋት ይጀምራል። ኬሲሲ2 ደግሞ ሬስት ዘግቶ ከሚያቆያቸው ጂኖች አንዱ ነው። አንድ ጂን ተከፈተ፣ የአንድ ኬሚካል ትርጉም ተገለበጠ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደጋግሜ ነው ያየሁት።

ሐረጎ

ቦርከና ጥሩ አብራርተሃል። እኔ ግን መካኒካል መሐንዲስ ነኝና አንድ ጥርጣሬ አለኝ። የነገርከን ነርቭ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ተማሪዋ የጠየቀችው ግን ከተሠራ በኋላ ስላለው ነው። አንድ መዋቅር ከቆመ በኋላ ራሱን በራሱ ይሸከማል። ነርቭም የራሱ አጽም አለው። አጽሙ ጠንካራ ከሆነ፣ ዙሪያው ካሉት ሴሎች ጋር ከተያያዘ፣ በየቀኑ ጂን ማንበብ ምን ያደርግለታል? ጂኑ ሥራውን ጨርሶ የሄደ ይመስለኛል። የለም የምትል ከሆነ ማስረጃ አምጣ።

መምህሩ ከደሴ

ሐረጎ በትክክል የልጅቷን ጥያቄ ነው የያዝከው። እኔም እዚያው ጋ ነው የቆምኩት።

ቦርከና

ሐረጎ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሸጋ ነው። ከአጽሙ ልነሳ፣ ያንተ ዘርፍ ስለሆነ።

የነርቭ ሴል አጽም በዋናነት ማይክሮቲዩቡል፣ ኒውሮፊላመንት እና አክቲን ነው። ማይክሮቲዩቡል ባዶ ቱቦ ነው፣ ቲዩቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ይገጣጠማል። ታው የሚባል ፕሮቲን ደግሞ በአክሶኑ፣ ማለትም መልእክት በሚወስደው የነርቩ ረጅም ክር፣ ውስጥ ከቱቦው ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ግን ይህ አጽም እንደ ፌሮ ብረት የተቀበረ አይደለም። ቁራሾቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አብዛኛው የአንጎል ፕሮቲን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይተካል። በጣም የሚቆዩ አሉ፣ አልክድም። የኒውክሊየስ በር ላይ ያሉ አንዳንድ ፕሮቲኖች በአይጥ አንጎል ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይተኩ ተገኝተዋል። እነሱ ግን ጥቂቶች ናቸው።

አሁን ርቀቱን አስላ። ከወገባችን አከርካሪ ተነስቶ እግራችን ጣት ድረስ የሚወርድ አክሶን አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የአጽሙ ፕሮቲን በአብዛኛው የሚሠራው የሴሉ አካል ውስጥ፣ ወገብ ጋ ነው። በአክሶኑ ውስጥ የሚጓዘው በዝግታ ነው፣ በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ። አንድ ሺህ ሚሊሜትር በዚያ ፍጥነት ስንት ቀን ነው? ወደ ሦስት ዓመት ይጠጋል። ዛሬ የተሠራ ኒውሮፊላመንት ጣት ጋ የሚደርሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የኒውሮፊላመንት ጂን ዛሬ መነበቡን ቢያቆም ችግሩ ነገ ላይታይ ይችላል። ግን መታየቱ አይቀርም።

ማስረጃ ላልከው ሁለት ልስጥህ። አንዱ ከትል፣ አንዱ ከአይጥ።

ትሉ ሲ ኤለጋንስ ይባላል፣ አንድ ሚሊሜትር ነው። ሲድኒ ብሬነር የሚባል ሳይንቲስት ለምርምር የመረጠው ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ሴትም ወንድም በሆነው በዋናው ፆታ ልክ 302 ነርቭ አለው። እያንዳንዱ ስም አለው፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝም ተጽፏል። ከእነዚህ መካከል ጨው የሚቀምሱ ሁለት ነርቮች አሉ፣ በግራና በቀኝ። እነሱን የጨው ቀማሽ የሚያደርጋቸው ቼ1 የሚባል አንድ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ነው። ጨው ለመቅመስ የሚያስፈልጉትን ጂኖች ሁሉ እሱ ይከፍታል። ከዚያ ደግሞ የራሱን ጂን ላይ ይቀመጥና ራሱንም ይከፍታል። ስለዚህ አንዴ ከተነሳ ዕድሜ ልኩን ራሱን እያስነሳ ይኖራል።

ኦሊቨር ሆበርት የሚባል ተመራማሪ ኒውዮርክ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ፈተኑት። ቼ1 በራሱ ጂን ላይ የሚቀመጥባትን ትንሽ ቦታ ብቻ ቆርጠው አወጧት። ውጤቱ በ2019 ወጣ። ነርቩ በጊዜው ጨው ቀማሽ ሆኖ ጀመረ። ግን አልዘለቀም። ቼ1 እየከሰመ ሄደ፣ የጨው ጂኖቹም አብረው ከሰሙ። ሴሉ አለ፣ ማንነቱ ግን ጠፋ። መሆን አንድ ነገር ነው፣ ሆኖ መቆየት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ጂን ይፈልጋሉ።

አይጡን በኋላ እጽፋለሁ፣ መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ጨው የሚቀምስ ነርቭ ያለው አንድ ሚሊሜትር ትል! ሱብሃነላህ።

ሲስተር ከኮምቦልቻ

ጨው ከተነሳ እኔም ልግባ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ከእናቶች ጋር ነው የምውለው።

ቦርከና ስለ ጂን ከፋችና ዘጊ ሲያወራ ወደ አእምሮዬ የመጣው እንቅርት ነው። ሰው እንቅርት ሲል አንገት ላይ ያለውን እብጠት ብቻ ያስባል። ትልቁ ጉዳት ግን የማይታየው ነው፣ ማህፀን ውስጥ ያለው ልጅ አንጎል ላይ።

እንቅርት በአብዛኛው የሚመጣው አዮዲን ሲያንስ ነው። አንገት ላይ ያለችው ታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ለመሥራት አዮዲን ያስፈልጋታል። ቲ4 በሚባለው ሆርሞን ውስጥ አራት አዮዲን አለ፣ ቲ3 በሚባለው ሦስት። ቲ3 ነርቭ ሴል ውስጥ ይገባና ኒውክሊየስ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ዲኤንኤ ላይ የተቀመጠ ተቀባይ ፕሮቲን ይጠብቀዋል። ተቀባዩ ሆርሞን ሳያገኝ ሲቀር ጂኖቹን ዘግቶ ይይዛል። ሆርሞኑ ሲመጣ ያው ተቀባይ ይከፍታቸዋል። ከሚከፈቱት መካከል ነርቭን የሚሸፍነውን ማይሊን የሚሠራ ጂን አለ። ሆርሞኑ ካነሰ ደግሞ በትንሹ አንጎል ውስጥ ያሉት ፑርኪንዬ የሚባሉ ትልልቅ ነርቮች ቅርንጫፋቸው አጭርና ሳሳ ያለ ሆኖ ይቀራል።

የፅንሱ ታይሮይድ ገና በደንብ ሳይሠራ፣ በእርግዝናው የመጀመሪያ ግማሽ፣ ልጁ የሚጠቀመው በእናቱ ሆርሞን ነው። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ይመከራል። ለሌላ አዋቂ 150 ነው። በጣም ትንሽ ነገር ናት። ያቺን ትንሽ ነገር ያጣ አንጎል ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢሰጠውም ሙሉ በሙሉ አይክስም።

በሀገራችን ጨው አዮዲን እንዲቀላቀልበት የሚያስገድደው ደንብ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ግን ገበያ ስወጣ የማየው ያሳስበኛል። ጨው በጆንያ አፉ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ይውላል። ከላይ ያለው ደርቆ ነጭ ሆኗል፣ ከታች ያለው ረጥቧል፣ ጆንያው ራሱ ውሃ አቅርሯል። ሴትየዋ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። አዮዲን ደግሞ ፀሐይና እርጥበት አይወድም፣ ይጠፋል። እህቶቼ፣ የታሸገውን ግዙ። ቤት ስትደርሱ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት፣ ከምድጃው አርቁት። ወጥ ላይ ጨው ከማውረዳችሁ በፊት ጨምሩ እንጂ ከሽንኩርቱ ጋር አብራችሁ አታቁላሉት። ለነፍሰ ጡሮቼ ሁሌ የምነግራቸው ነው፣ ለምን እንደሆነ ሲገባቸው የሚያደርጉትም ይበዛሉ።

መምህሩ ከደሴ

ሲስተር ይህ ለክፍሌ ወርቅ ነው። ተማሪዎቼ ጨው የሚገዙ ልጆች ናቸው። ሆርሞን ገብቶ ጂን የሚከፍት ከሆነ፣ ጂን ቁጥጥር ከእናታቸው ማድ ቤት ይጀምራል ማለት እችላለሁ።

ቦርከና

ሲስተር አሏህ ይስጥልኝ። ያንን ተቀባይ እኔ በወረቀት ላይ ነው የማውቀው።

ሐረጎ፣ የአይጡ ይኸውልህ። መሀል አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚሠሩ ነርቮች አሉ። በፓርኪንሰን በሽታ የሚሞቱት እነሱ ናቸው። ፅንስ ላይ እነሱን ከሚሠሩት ፕሮቲኖች አንዱ ኑር1 ይባላል። ቶማስ ፔርልማን ስቶክሆልም ውስጥ ከቡድኑ ጋር አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ነርቩ በስሎ፣ አይጡ አድጎ ከጨረሰ በኋላ ኑር1 ቢወጣስ? አወጡት። ሴሎቹ ወዲያው አልሞቱም። ቀስ በቀስ ግን ዶፓሚናቸው ቀነሰ፣ ቅርንጫፋቸው መበላሸት ጀመረ፣ የሴሉ ኃይል ማመንጫ ለሆነው ለሚቶኮንድሪያ የሚያስፈልጉ ብዙ ጂኖችም ደከሙ። ውጤቱ በ2013 ታትሟል። ያንተ «ሥራውን ጨርሶ የሄደ» ጂን ሳይሄድ እየሠራ ነበር። መዋቅሩን የያዘው እሱ ነው።

ሐረጎ

ይህ ማስረጃ ነው። ቀጥል እንግዲህ። ሦስት ዓመት የሚጓዝ ቁራሽ የሚለው ስሌት በራሱ ከባድ ነው። እኔ የማውቀው ማሽን ሲሠራ ክፍሉን የሚቀይርለት ሰው ይመጣል። ይኼ ቆሞ ሳያድር ራሱን እየቀየረ ይሠራል።

ጦሳ (ተማሪ)

እኔም ደሴ ነኝ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል። መምህር፣ ጥያቄውን የጠየቀችው ልጅ እኔ አይደለሁም ግን የኛ ክፍል ናት። አንድ ነገር ልጠይቅ። ስናጠና ጂናችን ይቀየራል ወይ? ቲክቶክ ላይ ይቀየራል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ቦርከና

ጦሳ፣ ፊደሉ አይቀየርም። የሚቀየረው ንባቡ ነው።

ነርቭ ሲነቃቃ ካልሲየም ይገባበታል። ካልሲየሙ ምልክት ያስነሳል፣ ክሬብ የሚባል ፕሮቲንን ይቀሰቅሳል። በደቂቃዎች ውስጥ ሲ-ፎስ የሚባል ጂን ይከፈታል። ሲ-ፎስ ራሱ ከፋች ነው፣ ሌሎችን ይከፍታል። ቢዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፣ እሱ ቅርንጫፍንና መገጣጠሚያን ያጠነክራል። ስለዚህ ጠንክረህ ስታጠና ሴሎችህ የጂን ንባባቸውን እያስተካከሉ ነው። ቲክቶኩ የሚለው ጂን መለወጥ ግን አይደለም።

ግን ሌላም ወገን አለ፣ ብዙ ሰው አይጠቅሰውም። መገጣጠሚያ ሁሉ ዝም ብሎ ቢጠነክር አንጎል ይናወጣል። ጂና ቱሪጂያኖ በ1998 ያሳየችው ነገር ይኸው ነው። የአይጥ ነርቮችን በሳህን ላይ አሳደገች። አንዱን ሳህን ለሁለት ቀን ዝም አሰኘችው። ነርቮቹ መገጣጠሚያቸውን በሙሉ አጠነከሩ፣ ጸጥታው በዝቶባቸው። ሌላውን ሳህን ከመጠን በላይ አነሳሳችው። መጀመሪያ ተንጫጩ፣ ከዚያ መገጣጠሚያቸውን አላልተው ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሱ። ነርቭ ለራሱ የሚበቃውን መጠን ያውቃል፣ ከበዛም ካነሰም ይመልሳል። መረጋጋት ማለት አለመንቀሳቀስ አይደለም።

ጦሳ (ተማሪ)

አመሰግናለሁ። ለጓደኞቼ አነብላቸዋለሁ።

አክስት ከቦሩ ሜዳ

ይቅርታ፣ የናንተን ትምህርት ላቋርጥ ነው። የእህቴ ልጅ አለች። አንድ ዓመት እስኪሆናት ደህና ነበረች። «እማ» ትል ነበር፣ ብስኩት በእጇ ትይዝ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ቃሉም ጠፋ፣ መያዙም ጠፋ። አሁን ሁለቱን እጆቿን እንደሚያጥብ ሰው ታፋትጋለች፣ ቀኑን ሙሉ። አንድ ቦታ ወስደናት «ዓይነ ጥላ ነው» ብለው መለሱን። እናንተ ስለ ነርቭ ስታወሩ ልቤ ተነሳ። ይህ ከናንተ ነገር ጋር ይገናኛል?

ሲስተር ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። በጽሑፍ ምርመራ አይደረግም፣ እኔም አላደርግም። ልጅ የተማረችውን ስታጣ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የሚጥል በሽታ አለ፣ የመስማት ችግር አለ፣ ሌላም አለ። ግን የጻፍሽው፣ የነበራትን ቃልና የእጅ ሥራ ማጣቷ፣ እጇን ማፋተጓ፣ የሕፃናት ሐኪም በአስቸኳይ ሊያየው የሚገባ ነው። ደሴ ካለው ትልቁ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ውሰዷት። ስትሄዱ ደህና ሳለች የተነሳችው ቪዲዮ ካለ በስልክ ያዙ። አሁን እጇን ስታፋትግም ቅረጿት። ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይበልጥበታል። አብሽሪ፣ እናንተ ያጠፋችሁት የለም። የማንም ዓይን አይደለም።

ቦርከና

እህቴ፣ የሲስተርን ቃል አስቀድሚ። እኔ የምለው ስለ ልጅቷ አይደለም፣ ስለ ሳይንሱ ነው።

ሬት ሲንድረም የሚባል ሕመም አለ። አንድሪያስ ሬት የሚባል የቪየና ሐኪም በ1966 ጻፈው። ከአስር ሺህ ሴት ልጆች በግምት አንዷ ላይ ይታያል። ልጆቹ መጀመሪያ ያድጋሉ፣ ከዚያ ያገኙትን ያጣሉ። ጂኑን ያገኘችው ቤይሩት ተወልዳ ሂውስተን የምትሠራው ሁዳ ዞግቢ ናት፣ ከቡድኗ ጋር፣ በ1999። ጂኑ ሜክፒ2 ይባላል፣ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም፣ አዲስ የሚፈጠር ለውጥ ነው።

ሜክፒ2 ምን ይሠራል? ሕፃን ከተወለደ በኋላ የነርቭ ሴሎች ዲኤንኤ ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል በብዛት ይለጠፋል። በሰው ልጅ ላይ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይበዛል። ሜክፒ2 እነዚህን ምልክቶች እየያዘ የጂኖችን ንባብ ልክ ያስይዛል። ጊዜውን ልብ በሉ። ምልክቶቹ የሚበዙትና ሕመሙ የሚታየው በአንድ ወቅት ነው። በበሽታው ነርቮች አይሞቱም። ትናንሽ ሆነው ይቀራሉ፣ ቅርንጫፋቸው ያንሳል።

አይሞቱም ማለት ትልቅ ነገር ነው። ኤድንበርግ ያለው አድሪያን በርድ በ2007 ከቡድኑ ጋር አንድ ሙከራ አሳተመ። ሜክፒ2 ተዘግቶባቸው የታመሙ፣ ያደጉ አይጦች ነበሩ። ጂኑን መልሰው ከፈቱላቸው። አይጦቹ ተሻላቸው። መራመዳቸው ተስተካከለ፣ አተነፋፈሳቸው ተስተካከለ። ይህ በአይጥ ነው፣ በሰው ላይ እንዲህ የሚመልስ ፈውስ ገና የለም። በ2011 ደግሞ የዞግቢ ቡድን ግልባጩን አሳየ። ደህና ሆኖ ያደገ አይጥ ላይ ሜክፒ2ን ቢዘጉት ያው ሕመም መጣ። መምህር፣ ለተማሪዋ ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም። የበሰለ ነርቭ በየቀኑ የሚያስፈልገውን ቁጥጥር ሲያጣ ይታመማል፣ ሲመለስለት ሊድን ይችላል።

አክስት ከቦሩ ሜዳ

አሏህ ይስጣችሁ ልጆቼ። ከእህቴ ጋር ተነጋግረናል፣ ሰኞ እንሄዳለን። ቪዲዮው አለን፣ የልደቷ ቀን የተነሳ ነው።

ሲስተር ከኮምቦልቻ

ጠዋት ማልዳችሁ ሂዱ። ካርድ ማውጫው ይሰለፋል። የሆነውን እዚሁ ጻፊልን።

መምህሩ ከደሴ

ዛሬ ክፍል ገባሁ። በሬስት ጀምሬ ጨው ቀማሹ ነርቭ ላይ ደረስኩ፣ የሲስተርንም ጨው አነሳሁ። ጠያቂዋ ልጅ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየች። መጨረሻ ላይ እንደገና እጇን አወጣች። «ሬስት ቆዳው ነርቭ እንዳይሆን ከዘጋ፣ ነርቩ ተመልሶ ቆዳ ወይም ጡንቻ እንዳይሆን የሚዘጋው ማነው?» ልጆቹ አጨበጨቡ። ቦርከና፣ ይህችን ብቻ መልስልኝ።

ቦርከና

ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዘርፏን ንገሩኝ።

አዎ፣ አለ። በ2010 ስታንፎርድ ያለው ማሪየስ ቬርኒግ ከቡድኑ ጋር የአይጥ ቆዳ ስር ያለ ሴልን በቀጥታ ነርቭ አደረጉት። ሦስት ፕሮቲን ብቻ ነው የጨመሩበት፤ አስክል1፣ ብርን2 እና ሚት1ኤል። የመጀመሪያው የነርቭ ጂኖችን ከፋች ነው። ሦስተኛው ምን እንደሚሠራ ለጊዜው ግልጽ አልነበረም። በ2017 መልሱ ወጣ። ሚት1ኤል ዘጊ ነው። የሚዘጋቸው ግን የነርቭ ጂኖችን አይደለም፣ የቀሩትን ነው፤ የጡንቻውን፣ የቆዳውን፣ የሌሎቹንም። እና ሚት1ኤል ነርቭ ውስጥ ዕድሜ ልክ ይነበባል።

ስለ ሬስት አንድ ነገር ስለቀረኝ ለልጅቷ ጨምሩላት። ሬስት ከበሰለ ነርቭ ለዘላለም አይጠፋም። ብሩስ ያንክነር ሃርቫርድ ውስጥ ከቡድኑ ጋር በ2014 እንዳሳዩት፣ ጤነኛ ሆነው ያረጁ ሰዎች ነርቭ ውስጥ ሬስት ተመልሶ ይመጣል። በስተርጅና ሴል ገዳይ የሆኑ ጂኖችን ይዘጋል። የአልዛይመር ታማሚዎች ኒውክሊየስ ውስጥ ግን ጠፍቶ ተገኘ። በልጅነት መውጣት የነበረበት ፕሮቲን በእርጅና ጠባቂ ሆኖ ይመለሳል።

ጦሳ (ተማሪ)

መምህር ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ባዮሎጂ ነው፣ ሚት1ኤልን እንጀምር?

መምህሩ ከደሴ

እንጀምራለን። የአክሶንን እና የዴንድራይትን (የነርቩን ቅርንጫፎች) ሥዕል ደብተራችሁ ላይ ሠርታችሁ ኑ፣ ኒውክሊየሱን ሰፋ አድርጉት። ጂን የምንጽፍበት ቦታ ያስፈልገናል።